የፋሲል ግንብና ልጆቻችን

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል የአገራችን ሰው። የዚህን ተረት እውነትነት በቤታችን የተረዳነው ልጆቻችን ስለ ጐንደር በትምህርት ቤት የተማሩትን በቃላቸው ሲወጡልን ነው። የነገሥታቱን ስም በተራ ይቈጥራሉ፤ ዘመኑንም አይስቱም። ነገር ግን ንባባቸው ደረቅ ነበረ፤ ፍቅርም ናፍቆትም አልነበረበትም። በዓይን ያልታየ ነገር በልብ ሥር እንደማይሰድ ተገነዘብን። ስለዚህ የክረምቱ ዝናም ካበቃ በኋላ፣ ምድሩ ገና ለምለም ሳለ፣ በኅዳር ወር እኔና ባለቤቴ፣ አረጋዊቷ እናቴ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጃችንና የዘጠኝ ዓመት ወንድሟ ጐንደርን ለማየት ተነሣን። ያየነውንና የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን ለመንገር የምንወደው፣ ሌሎች ወላጆችም ይህንኑ መንገድ ከልጆቻቸው ጋራ እንዲሄዱበት በማሰብ ነው።

ጐንደር በአንገረብና በቀሓ ወንዞች መካከል፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ነገሡ፤ በ1628 ዓ.ም. ገደማም መናገሻቸውን በዚህ ስፍራ አደረጉ። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ ነገሥታት በድንኳን ከተማ ሆነው ከአገር አገር ይዘዋወሩ ነበር። ማገዶው ባለቀ፣ የጭፍራውም ስንቅ በጐደለ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ተነሥቶ ወደ ሌላ ይሄድ ነበር። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር፤ ነገር ግን መናገሻው በአንድ ስፍራ ጸንቶ ከመቶ ዓመት በላይ የቈየው በጐንደር ነው። ይህን ለልጆቻችን በመንገድ ሳለን ስንነግራቸው ትንሹ ልጅ፦ «ንጉሥ በድንኳን ይኖራልን?» ብሎ በጣም ተደነቀ። እንግዲህ ግንቡን ከማሳየት አስቀድሞ ድንኳኑን መንገር ይጠቅማል፤ ግንቡ ምን ያህል አዲስ ነገር እንደ ነበረ ሕፃኑ የሚያስተውለው በዚህ መንገድ ነውና።

በማለዳ ከጃን ተከል አደባባይ ተነሣን። በዚያ ትልቁ ዋርካ ጥላውን ጥሎ ይታያል። ግቢውን የሚከበው ቅጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ሲሆን 12 በሮች አሉት። የበሮቹ ስም ብቻ እንኳ የቤተ መንግሥቱን ኑሮ ይነግራል፤ እልፍኝ በር፣ ባልደራስ በር፣ እንቢልታ በር፣ እርግብ በር፣ ግምጃ ቤት ማርያም በር ይባላሉ። ከእነዚህም አንዱ የእቴጌ ምንትዋብን እናት የወይዘሮ እንኮዬን ስም ይዞ እንኮዬ በር ተብሏል። እናቴ ይህን በሰማች ጊዜ፦ «እነሆ፣ በነገሥታት ቅጥር ላይ የእናት ስም ቀርቷል» ብላ ለልጅ ልጇ በእጇ አመለከተቻት።

ከበሩ ገብተን የመጀመሪያውን ግንብ ባየን ጊዜ ልጆቹ ዝም አሉ። የዐፄ ፋሲል ግንብ በአራቱ ማዕዘን ጉልላት ያላቸው አራት ክብ ማማዎች ቆመውለት፣ ከላይም እንደ ዘውድ ጥርስ የተቈራረጠ ጠርዝ አለው። ዋናው ግድግዳ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩንም የሚያያይዘው ኖራ ነው። በደጆቹና በመስኮቶቹ ዙሪያ ግን ቀላ ያለ የቋራ ድንጋይ ስለ ተደረገበት ከሩቅ ሲያዩት በጥቁር ካባ ላይ የተሰፋ ጥልፍ ይመስላል። ከፎቁ ሰገነት ሆኖ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው ከተማውንና ተራራውን በአንድነት ያያል፤ ሰማዩ በጠራ ቀን የጣና ባሕር በደቡብ በኩል እንደ ብልጭታ እንደሚታይ ይናገራሉ። ልጆቹን «እዩ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሥራ መስጠት ያስፈልጋል። እኛም ትንሹን ልጅ ማማዎቹን እንዲቈጥር፣ እኅቱን ደግሞ ቀዩ ድንጋይ የት የት እንደ ገባ እንድትጽፍ አዘዝናቸው። በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይሰለቹ ዋሉ።

በዚህ መካከል ሴት ልጃችን፦ «አባባ፣ ይህን ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን በብዙ ሰው አፍ ሲበላሽ ይሰማል። አንዳንዱ «ፖርቱጋሎች ሠሩት» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ነገር ግን ዐፄ ፋሲል በነገሡ ጊዜ የአባቶቻቸውን የተዋሕዶ ሃይማኖት መልሰው የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው፤ ስለዚህ ግንቡን የሚሲዮናውያን ሥራ ነው ማለት አይስማማም። በሌላ ወገን ደግሞ ምንም የውጭ ጥበብ አልገባበትም ማለት እውነትን መሸሸግ ነው። በኖራ የመገንባት ጥበብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ በመጡ ሠራተኞች እጅ እንደ ተስፋፋ ተጽፏል፤ ከቀደሙት የፖርቱጋል ወታደሮች የተወለዱ ሰዎችም በአገሩ ነበሩ። የድንጋዩንና የእንጨቱን ሥራ የያዙት ግን የአገሩ ልጆች ናቸው። ይልቁንም ቤተ እስራኤል በጐንደር ግንበኝነትና አናጢነት ታላቅ ድርሻ እንደ ነበራቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ለልጃችን የመለስንላት ይህን ነው፤ «ንጉሡ አሰቡት፤ ከሩቅና ከቅርብ የመጣ ዕውቀት ተገናኘበት፤ ድንጋዩን የፈለጠ፣ ኖራውን ያቃጠለና ውሃውን የተሸከመ ግን ስሙ ያልተጻፈ የአገርሽ ሰው ነው»። እርስዋም ጥቂት አስባ፦ «እንግዲያስ ብዙ ሰው ነው የሠራው» አለች። እናቴም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብላ አጸናችላት።

ከዚያ ከአንዱ ግንብ ወደ አንዱ ስንሻገር ነገሩ የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ ሆኖ ተገለጠልን። አባትየው ዐፄ ፋሲል የመጀመሪያውን ግንብ አሠሩ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ፣ ከ1660 እስከ 1674 ዓ.ም. የነገሡት፣ የመጻሕፍት ቤትና የጽሕፈት ቤት ጨመሩ። የልጅ ልጃቸው ታላቁ ዐፄ ኢያሱ ደግሞ ሌላ ባለ ፎቅ ግንብ አሠሩ፤ ያ ቤት በመስተዋትና በዝሆን ጥርስ ያጌጠ እንደ ነበረ ይነገራል። ከኢያሱ ልጆች ዐፄ ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ አቆሙ፤ ወንድማቸው ዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽ አሠሩ። በመጨረሻም የበካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ፣ በ1723 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው ለሕፃኑ ልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ መንግሥቱን የጠበቁት፣ መስቀል የተቀረጸበትን የራሳቸውን ግንብ በዚያው ግቢ አስገነቡ። እነሆ አምስት ትውልድ በአንድ ቅጥር ውስጥ! ልጅ የራሱን ቤት ከአባቱ ቤት አጠገብ ሠራ፤ የአባቱንም ግንብ እንዲቆም ተወው።

ይህን ስንል በዚህ ግቢ የነበረው ሁሉ ፍቅር ነበር ማለታችን አይደለም። ለልጆች ታሪክን በማር ብቻ ቀብቶ ማቅረብ አይገባም። ታላቁ ዐፄ ኢያሱ በ1698 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው በምትካቸው ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነገሠ፤ ጥቂት ወራትም ሳይቈይ አባት ተገደሉ። ልጅም ቢሆን በዙፋኑ ብዙ አልቈየበትም። ትንሹ ልጃችን ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠና «ለምን?» አለ። ሥልጣን ሰውን ከአባቱ እንኳ ሊለየው እንደሚችል ነገርነው። ሆኖም የሚያስደንቀው ነገር፣ በሰዎቹ መካከል ያን የሚያህል ደም ፈስሶ ሳለ የአባትየው ግንብ አለመፍረሱ ነው።

አሁን የምንናገረው ነገር ያሳፍረናል፤ ለሌሎች ወላጆች ይጠቅማል ብለን ግን አንሰውረውም። በአንድ ጥግ ቆመን ስንነጋገር ልጁ ከአጠገባችን ራቅ አለ። በመንገድ ያገኘውን ምስማር ይዞ፣ ብዙ ሌሎች ስሞች ተጭረው ባሉበት የኖራ ግድግዳ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል መጻፍ ጀምሮ ነበር። እኛ ከማየታችን በፊት አንድ ሽማግሌ ጠባቂ አዩት። እኛ የጠበቅነው ቍጣ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቀስ ብለው ቀርበው ምስማሩን ከእጁ ተቀበሉትና እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ይህን ግንብ ያሠራው ማን ነው?»

«ዐፄ ፋሲል ናቸው» አላቸው ራሱን ደፍቶ።

«ጎሽ። እስቲ ዞር ዞር በልና ንጉሡ ስማቸውን በምስማር የጫሩበትን ስፍራ ፈልገህ አሳየኝ።»

ልጁም የምር መስሎት ግድግዳውን ሁሉ እያየ ዞረ፤ ተመልሶም «አላገኘሁም፣ አባባ» አላቸው።

«እንግዲያ ስማቸው ሳይጫር ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የኖረው ለምንድን ነው?»

ልጁ መልስ አጣ። ሽማግሌውም አልመለሱለትም፤ ምስማሩን በኪሳቸው ከተው ሄዱ። ባለቤቴ ተከትላ፦ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ጥፋቱ የእኛ የወላጆቹ ነው» ብትላቸው «የልጅ ነገር ነው፤ አሁን ያወቀውን አይረሳውም» ብለው አጽናንተውን አለፉ። በእውነትም ጥፋቱ የእኛ ነበረ። ግንቡ ስንት ዓመት እንደ ሆነው ነግረነዋል፤ እንዴት እንደሚጠበቅ ግን ከመግባታችን በፊት አልነገርነውም። አንድ ልጅ የጫረው ፊደል ጥቂት ነው፤ በየቀኑ የሚመጣው ልጅ ሁሉ አንድ ፊደል ቢጭር ግን ዐፄ ፋሲል ያስለሰኑት ግድግዳ ምን ይቀርለታል?

ይህ ግንብ ያሳለፈው መከራ በራሱ ብዙ ነውና። የዐፄ ኢያሱን ቤት የምድር መናወጥ ጐድቶታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዪቱን በዘረፉና ባቃጠሉ ጊዜ ጐንደር እጅግ ተጐዳች። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት ግቢውን ለራሱ ሹማምንት መኖሪያና መሥሪያ ቤት አደረገው፤ በዚያም ጦርነት የአውሮፕላን ቦምብ በግንቦቹ ላይ ጕዳት አድርሷል። በአገራችን የቀረው የመጨረሻው ትልቅ የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው በዚህችው በጐንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ መዝገብ ተጻፈ፤ ከዚያም ወዲህ በየጊዜው፣ በቅርቡም ዓመታት ጭምር፣ ሰፊ ጥገና ተደርጎለታል። ነገር ግን ጥገና የፈረሰውን ይደግፋል እንጂ የቀድሞውን ሰው እጅ አይመልስም። የሚሻለው አስቀድሞ አለማፍረስ ነው።

ከቀትር በኋላ ከግቢው በስተ ሰሜን ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቀሓ ወንዝ አጠገብ ወዳለው የፋሲል መዋኛ ሄድን። የግንቡን ደረቅ ድንጋይ ስናይ ውለን ወደዚህ ጥላና ለምለም ሣር ስንገባ ሰውነታችን ሁሉ ዐረፈ። በታላቅ ቅጥር ውስጥ 50 ሜትር ያህል ርዝመትና 30 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ገንዳ አለ፤ በገንዳውም ውስጥ በድንጋይ ቅስቶች ላይ የተቀመጠ ፎቅ ቤት ቆሟል፤ ወደ እርሱም የሚገባው በድልድይ ነው። ልጁ ገንዳውን ደረቅ ሆኖ ባገኘው ጊዜ «ባሕሩ የት ሄደ?» አለ። ውሃው ዓመቱን ሙሉ አይኖርበትም፤ ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሓ በቦይ እየተሳበ ይሞላል። በከተራ ታቦታቱ በሕዝቡ እልልታ ታጅበው ወደዚህ ይወርዳሉ፤ ጥር 11 ቀንም ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ሁሉ እየዘለለ ይገባበታል። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ሕዝብ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዲህ ንጉሡ ያሠሩት ገንዳ ባዶ ቅርስ ሆኖ አልቀረም፤ ዛሬም ሥራውን ይሠራል።

ከሁሉ ይልቅ ዓይናችንን የያዙት ዛፎቹ ናቸው። በቅጥሩ ላይ የበቀሉት ዋርካዎች ሥሮቻቸውን እንደ ተፈታ ሹሩባ ወደ ታች ለቀው ድንጋዩን ጨብጠው ይዘውታል። በአንዳንድ ስፍራ ሥሩ የት እንደሚጀምርና ግንቡ የት እንደሚያበቃ ለመለየት ያስቸግራል። ሴት ልጃችን «ዛፉ ግንቡን ደግፎታል» አለች፤ ወንድሟ «የለም፣ እየሰነጠቀው ነው» አለ፤ እኛንም ዳኝነት ጠየቁን። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ሥሩ ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ እየገባ በየዓመቱ ሲወፍር ቅጥሩን ይገፋዋል፤ ብዙ ዘመን ካቀፈው በኋላ ግን ሥሩ ቢቈረጥና ቢበሰብስ ድንጋዩ የሚይዘው አጥቶ ይናዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዛፍ ማንም ተነሥቶ ሊቈርጠው አይገባም፤ እንደ ልቡ እንዲያድግም መተው አይገባም፤ ዕውቀት ባለው ሰው ዘወትር መጠበቅ አለበት። እናቴ ከአንዱ ሥር ላይ ተቀምጣ ይህን ክርክር ስትሰማ ቈይታ፦ «ልጅም እንዲሁ ነው፤ የአባቱን ቤት የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም እርሱ ነው፤ አያያዙን ማወቅ ነው» አለች። ከዚህ በኋላ የሚጨምር ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ከከተማው ወጣ ብሎ በኰረብታ ላይ ወዳለው ወደ ቍስቋም ወጣን። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ ክርስቲያኑንና ቤተ መንግሥቱን ያሠሩት በዚህ ነው። በ1762 ዓ.ም. ጐንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በዚሁ ስፍራ በፈንጣጣ የታመሙትን የንጉሣውያን ቤተ ሰብ ልጆች እንዳስታመመ በመጽሐፉ ተርኳል። ባሏን በሞት ያጣች፣ ሕፃን ልጅ ታቅፋ አገር ያስተዳደረች፣ በኋላም የልጇንና የልጅ ልጇን ሞት ያየች እናት በዚህ ጸጥታ ውስጥ እንደ ኖረች ስናስብ፣ የፈረሰው ግድግዳ ከሞላው ይልቅ ይናገር ነበር። ሴቶች ልጆች ያሏቸው ወላጆች ይህን ስፍራ ሳያሳዩ እንዳይመለሱ እንመክራለን።

ለሚሄዱ ቤተ ሰቦች ጥቂት ምክር እንጨምር። አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ይገባል። ወደ ግቢው በማለዳ መግባት መልካም ነው፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ልጆች በደስታ ይራመዳሉ፤ የጧቱም ብርሃን ቀዩን ድንጋይ ደምቆ ያሳየዋል። ደረጃው ያረጀና የተበላ ስለ ሆነ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል፤ በሰገነትም ላይ የሕፃን እጅ አይለቀቅ። ለመጠጥ ውሃ ይያዝ። ታሪኩን የሚያውቅ አስጐብኚ ቢገኝ ሁሉን በአንድ ቀን ለመጨረስ ሳይቸኩሉ ማዳመጥ ይሻላል። በጥምቀት ለመሄድ የሚያስብ ሰው ደግሞ የሕዝቡን ብዛት አይርሳ፤ በ2012 ዓ.ም. በዓል በመዋኛው ዙሪያ የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል፤ ልጆችን ይዞ ከግፊያው ራቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። ከሁሉም በፊት ግን ገና ከበሩ ሳይገባ ለልጅ «በዓይንህ እይ፤ በእጅህ አትጫር፤ ከድንጋዩም ስባሪ አትውሰድ» ማለት ይገባል። እኛ ይህን ባለማድረጋችን ታላቅ ሰው አሳፈረን።

ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ በአንድ ማታ ልጁ በደብተሩ ላይ ጐንበስ ብሎ አገኘነው። አራቱን ማማዎች፣ ድልድዩን፣ የዋርካውንም ሥር ሥሏል፤ ከሥዕሉም በታች ስሙን በሙሉ ጽፏል። ለአባቱም አሳይቶ፦ «እዚህ ብጽፈው ግንቡን አያመውም አይደል?» አለ። ከዚያ ወዲህ የነገሥታቱን ስም ሲቈጥር ድምፁ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ያያቸውን ቤቶች በየባለቤቶቻቸው ስም እየጠራ ነው። መቼ እንደምንመለስም ይጠይቃል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ብለን ነበር፤ እርሱ ግን እነሆ አውቆ ናፈቀ።

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ አባቶቻችን የሠሩትን ልጆቻችን በዓይናቸው አይተው፣ በልባቸው ወድደው፣ ለልጆቻቸው ሳይጐድል እንዲያደርሱት እግዚአብሔር ዕድሜና ሰላም ይስጠን።